ቪትዝ የሚጎድላት ቤንዚን አይደለም፦ ስለ ነዳጅ ሲስተም ማሻሻያ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በመኪና ባለቤቶች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ቆይቷል። መልእክቱ ባጭሩ «የመኪናችሁን የነዳጅ ሲስተም አሻሽሉ» የሚል ነው። ያላነበበው ሰው እንዳይቸገር ዋና ዋና ነጥቦቹን ላስቀምጥ። ፋብሪካው የገጠመው ኢንጀክተር፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ፣ ትንሽ ስለሆነ በትልቅ ሲቀየር ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል ይላል። ትልቅ የቤንዚን ፖምፓ መኪናውን ፈጣን ያደርጋል፣ ለሞተሩም ዋስትና ነው ይላል። የነዳጁን ግፊት ከፍ ማድረግ ቤንዚን ይቆጥባል፤ የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔትና ከውኃ ጋዝ የሚያወጣ የሃይድሮጅን ኪት ደግሞ ፍጆታን በሩብ ያህል ይቀንሳሉ ይላል። የአገራችን ነዳጅ ቆሻሻ ስለሆነ የፋብሪካው ሲስተም አይችለውም ይልና፣ የውድድር መኪኖችን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ በመጨረሻ የሞከሩት ሰዎች ለውጡን በዓይናቸው አይተዋል ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አምናለሁ። መኪና የሚወዱ ሰው እንደሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ አንብበው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ የሚሄዱት አብዛኞቹ የእሽቅድምድም መኪና ያላቸው አይደሉም። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር ይዘው ራይድ የሚሠሩ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

«ትልቅ ኢንጀክተር ጉልበት ይጨምራል»

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹም የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ በአንድ ዙር ሊስበው የሚችለው አየር ደግሞ በሲሊንደሩ ስፋት የተወሰነ ነው። አየሩ ካልጨመረ ቤንዚን ብትጨምሩ የሚቃጠልበት የለውም። ሳይቃጠል በማርሚታ ይወጣል።

የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ሒሳብ በየቅጽበቱ ይሠራል። የገባውን አየር ይለካል ወይም ከግፊቱ ያሰላል። ከዚያ ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። ጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ውጤቱን መልሶ ይነግረዋል። «ቤንዚን በዝቷል» ሲለው ይቀንሳል፣ «አንሷል» ሲለው ይጨምራል።

አሁን ትልቅ ኢንጀክተር ግጠሙበት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቤንዚን ይበዛል። ሴንሰሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩ የመክፈቻ ጊዜውን ያሳጥራል። ቤንዚኑ ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል። የተለወጠ ነገር ቢኖር ኪሳችሁ ነው። ይህ እንግዲህ ነገሩ በሰላም ሲያልቅ ነው።

በሰላም የማያልቅበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስተካክለው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ነው፤ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 በመቶ። ከዚያ ካለፈ ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ ዲያግኖስቲክ ማሽኑም ፒ0172 የሚለውን የቤንዚን መብዛት ኮድ ያወጣል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ትልቁ ኢንጀክተር እጅግ ለአጭር ጊዜ ብቻ መከፈት ስላለበት መጠኑን በትክክል መቁረጥ ይቸግረዋል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ደግሞ ሴንሰሩ ገና ስላልሞቀ የሚያርመው የለም። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ከሲሊንደሩ ጋር ይፋጫል። ሳይቃጠል የወጣው ደግሞ የጭስ ማጽጃው ካታሊቲክ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ ከልክ በላይ ያግለዋል። ጉልበት ፍለጋ የተጀመረው ነገር ሞተር ማውረድ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገር አለ፤ ከፍታችን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል በባሕር ወለል 9 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ 12 ያህል ያስፈልጋል። የሞተሩ ሲሊንደር ግን እዚህ ስለመጣ አልሰፋም። ስለዚህ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ማንኛውም መኪና እዚህ ከተማ ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሠራው።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? አየር ነው። ቤንዚንማ ተርፏል። ኮምፒውተሩ አየሩ ማነሱን ስለሚያውቅ የሚረጨውን ቤንዚን በዚያው ልክ ቀንሶታል። ጃፓን ውስጥ በባሕር ወለል ላይ ሙሉ ጉልበት ለመስጠት ተመጥኖ የተሠራው ኢንጀክተር እኛ ጋ ከሥራው ሩቡ ተቀንሶለታል። ትንሽ ነው የተባለው ኢንጀክተር አዲስ አበባ ላይ ትርፍ አቅም ይዞ ነው የሚውለው።

ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ወደ አዋሽ የወረደ ሹፌር ሁሉ መኪናው እየቀለለች፣ እየፈጠነች ስትሄድ ያስተውላል። ኢንጀክተሩ ያው ነው። ፖምፓው ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

«ትልቅ ፖምፓ ፍጥነትና ዋስትና ነው»

እስቲ በቁጥር እንየው። የመጀመሪያዋ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ጉልበቷ 70 የፈረስ ጉልበት ነው። ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ፣ ሞተሩ የመጨረሻ ጉልበቱን እየሰጠ፣ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ የሚፈጀው 20 ሊትር ገደማ ቤንዚን ነው። ያውም በባሕር ወለል። እዚህ 15 ሊትር ቢሆን ነው። መገናኛ ላይ ተሰልፋ ስትቆምማ አንድ ሊትር እንኳ በሰዓት ላትፈጅ ትችላለች።

ጽሑፉ የሚመክረው ፖምፓ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ነው። ይህ ቱርቦ ለተገጠመላቸው፣ ጉልበታቸው በመቶዎች ለሚቆጠር ሞተሮች የተሠራ ፖምፓ ነው። የቪትዝ የፋብሪካ ፖምፓ ራሱ ሞተሯ ከሚያስፈልጋት በብዙ እጥፍ ይገፋል። ሞተሩ ያልተጠቀመበት ተመልሶ ታንኩ ውስጥ ይወርዳል። ትልቁን ስትገጥሙ ተመላሹ በዛ ማለት ብቻ ነው።

መብዛቱ ደግሞ ጉዳት አለው። ትልቅ ፖምፓ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ለትንሿ ፖምፓ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦም ይግላል። ታንኩ ውስጥ የሚሽከረከረው ቤንዚን ይሞቃል። በብዙዎቹ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች የግፊት መቆጣጠሪያው እዚያው ታንኩ ውስጥ ነው፤ ያን ሁሉ ትርፍ ቤንዚን ማስተንፈስ ሲያቅተው ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ደግሞም የዚህ ፖምፓ አስመስሎ የተሠራ ቅጂ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ፎርጅድ ፖምፓ መንገድ ላይ ሲያስቀር «ዋስትና» የሚለው ቃል ምን ሊሆን ነው?

የፖምፓ እውነተኛ ዋስትና ሌላ ነው። ፖምፓው ታንክ ውስጥ የተቀመጠው ቤንዚኑ ራሱ እንዲያቀዘቅዘው ነው። ሁልጊዜ የነዳጅ ማለቂያ መብራቱ በርቶ የሚነዳ መኪና ፖምፓው እየጋለ ይሠራል፣ ታንኩ ሥር የተቀመጠውን ቆሻሻም ይስባል። የማደያ ሰልፍ ሲበዛ ይህን ማስቀረት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ከሩብ ታንክ በታች እንዳይወርድ መጣር ከማንኛውም ውድ ፖምፓ ይሻላል።

አዎ፣ ትልቅ ኢንጀክተርና ትልቅ ፖምፓ የግድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ላይ ቱርቦ ከተጨመረ፣ ወይም በሌላ ትልቅ ሞተር ከተቀየረ ተጨማሪ አየር ስለሚገባ ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልጋል። ያኔም ኮምፒውተሩ በባለሙያ እንደገና መስተካከል አለበት። ጸሐፊው የጠቀሷቸው የውድድር መኪኖች የዚህ ዓይነት ናቸው። የእነሱን ልምድ አምጥቶ ምንም ያልተነካ ኮሮላ ላይ መለጠፍ አይሠራም።

«ግፊት ሲጨምር ቤንዚን ይቆጥባል»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ግፊቱ ከፍ ሲል ቤንዚኑ ይበልጥ ደቅቆ ይረጫል። ቤንዚንን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ከ100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በላይ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። እዚያ ቤንዚኑ ለመትነን ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

የእኛ መኪኖች አብዛኞቹ ግን የሚረጩት በ3 ባር ገደማ ግፊት፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን ከቫልቩ ጀርባ ነው። የሞቀው ቫልቭ ራሱ ያተነዋል። መቆጣጠሪያ ቀይራችሁ ከ3 ባር ወደ 4 ባር ብታወጡት በአንድ ጊዜ የሚረጨው ቤንዚን 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ያንን 15 በመቶ መልሶ ይቀንሰዋል። ነዳጅ ይቆጥባል የተባለው ዕቃ የመጀመሪያ ሥራው ነዳጅ መጨመር ነው። ሁለተኛው ሥራው ፖምፓውን ማድከም ነው።

ማግኔትና ሃይድሮጅን

ስለ ማግኔቱ ብዙ አልልም። ቤንዚን በማግኔት የሚሳብ ነገር አይደለም፤ ቱቦው ላይ የታሰረ ማግኔት አቃጠሉን አይለውጠውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚያሻሽል አላገኘም።

የሃይድሮጅን ኪቱ ግን ሳይንስ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል። ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍላል፤ ይህ እውነት ነው። ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ? ከዲናሞው። ዲናሞውን የሚያዞረው ማን ነው? ሞተሩ። ሞተሩስ በምን ይሠራል? በቤንዚን። በየደረጃው ኃይል እየባከነ ስለሚሄድ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ሃይድሮጅን ለማምረቻው ከወጣው ቤንዚን ያነሰ ኃይል ነው ያለው። መጠኑም ቢሆን ትንሽ ነው። ኪቱ በደቂቃ አንድ ሁለት ሊትር ጋዝ ቢያወጣ፣ ሞተሩ በዚያው ደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር አየር ይስባል። በዚያ ላይ አንዳንድ ሻጮች የኦክስጅን ሴንሰሩን ምልክት የሚያዛባ ዕቃ አብረው ይገጥማሉ። ሴንሰሩን አታልሎ ቤንዚን ማሳጠር ሞተሩን ለቫልቭና ለፒስተን ጉዳት ማጋለጥ ነው።

«የአገራችን ነዳጅ ቆሻሻ ነው»

በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ብዙ እስማማለሁ። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው።

ነዳጃችን ከጅቡቲ በቦቴ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመጣል። ማደያ በሌለበት ወይም ነዳጅ ባለቀበት ከተማ ከበርሜልና ከጀሪካን ይቀዳል። አቧራ፣ ዝገትና ውኃ ይገባበታል። ላምባ የሚቀላቅልም አይጠፋም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ ትልቅ ፖምፓና ትልቅ ኢንጀክተር የትኛውን ያጣራሉ? ቆሻሻውን በፍጥነት ነው የሚያሳልፉት። ላምባን ከቤንዚን የሚለይ ፊልትሮ ደግሞ የለም። በዚህ በኩል ያለው መፍትሔ የምታምኑትን ማደያ መምረጥና ደረሰኝ መያዝ ነው።

ለቆሻሻ የሚበጀው የታወቀ ነው። የቤንዚን ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ነው። በቪትዝና በመሰሎቿ ፊልትሮው ከፖምፓው ጋር ታንክ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ፊልትሮ ስንት መኪና ውስጥ አለ! በፖምፓው አፍ ላይ ያለችው ወንፊትም አብራ መታየት አለባት። ይህ ማሻሻያ አይባልም፤ ሰርቪስ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ናፍጣ ላይ ነገሩ ይለያል፤ እዚህ ጋ ተጨማሪ ዕቃ መግጠም በእርግጥ ዋጋ አለው። የሂሉክስ፣ የላንድ ክሩዘርና የአይሱዙ ባለቤቶች ልብ በሉ። የናፍጣ ፖምፓና ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል በጣም ጠባብ ክፍተት ያላቸው ክፍሎች ናቸው፣ የሚለሰልሱትም በናፍጣው በራሱ ነው። ውኃ ሲገባ ይህ ማለስለሻ ይጠፋል፤ ይፋጫል፣ ይዝጋል። ዲ ፎር ዲ በሚባሉት ኮመን ሬይል (ናፍጣ ከአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ኖዝል የሚታደልባቸው) ሞተሮች ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚሄድ ትንሽ ቆሻሻ ኖዝሉን ያበላሸዋል። አንድ ኖዝል መቀየር ደግሞ ስንት እንደሚያስወጣ ባለቤቶቹ ያውቁታል።

ስለዚህ ወደ ገጠር ለሚመላለስ፣ ከበርሜል ለሚቀዳ የናፍጣ መኪና ከዋናው ፊልትሮ በፊት ውኃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ ማስገጠም ጥሩ ነው። መጠኑ ለሞተሩ የሚመጥን ይሁን። መገጣጠሚያው አየር እንዳያስገባ ጠብቆ ይታሰር። ሥሩ ያለው ውኃም በየጊዜው ይውጣ፤ ካልወጣ መገጠሙ ጥቅም የለውም። ጸሐፊው ስለ ኢንጀክተር ከጻፉት ሩቡን ስለዚህ ቢጽፉ ኖሮ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

በኢንጀክተር ፋንታ ካርቡራተር ስላላቸው የድሮ መኪኖችም አንድ ነገር ልበል። ላዳና የድሮው ዲኤክስ ኮምፒውተር የላቸውም፤ አየሩ ስስ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ጥቁር ይሆናል። ለእነዚህ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ መቀየር እውነተኛ ለውጥ ያመጣል። ቀዳዳው መጥበብ እንጂ መስፋት እንደሌለበት ግን ልብ በሉ። ከጽሑፉ ምክር ተቃራኒው ነው።

«የሞከሩ ሰዎች ለውጡን አይተዋል»

አይተዋል። አልዋሹም። ጥያቄው ለውጡ ከምን መጣ ነው።

ትልቅ ፖምፓ ሲገጠም ጋራዥ ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። ታንኩ ይከፈታል፣ ይታጠባል። ለዓመታት ያልተነካው ፊልትሮ ይቀየራል። እግረ መንገዱን ኢንጀክተሮቹ ይጸዳሉ፣ ካንዴላው ይለወጣል፣ ባትሪው ስለተነቀለ ኮምፒውተሩ የያዘውን የቆየ ማስተካከያ ይረሳል። አሮጌው ፖምፓ ደክሞ ግፊቱ ወርዶ ነበር፤ አዲስ ገባ። መኪናው ሲነሳ ቀለለ። ባለቤቱ ደስ አለው፤ ምስጋናው ሁሉ ለትልቁ ፖምፓ ሆነ።

እንግዲህ ትክክለኛው ንጽጽር አዲሱን ትልቅ ፖምፓ ከደከመው አሮጌ ጋር ማወዳደር አይደለም። ከአዲስ ኦርጅናል ፖምፓና ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ማወዳደር ነው። ያንን ያደረገ ሰው በጽሑፉ ውስጥ አልተጠቀሰም። ያንን ቢያደርጉ ልዩነት እንደማያገኙ ከላይ ያለው ሒሳብ ይናገራል።

ፍጆታን መለካትም በስሜት አይሆንም። ታንኩን እስከ አፉ ሞልታችሁ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። እንደገና ስትሞሉ የገባውን ሊትር ለተጓዛችሁት አካፍሉ። በአንድ ታንክ አትፍረዱ፤ ትራፊኩና ዝናቡ ብቻ ውጤቱን ያዛባል። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ፣ በተለመደው መንገዳችሁ፣ ደጋግማችሁ ለኩ።

ለፖምፓና ለኢንጀክተር የታሰበውን ገንዘብ ከያዛችሁ በመጀመሪያ እነዚህን አስፈትሹ። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አለ ወይ? ብዙ ጋራዥ «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ያለ እሱ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ማብዛቱን ይቀጥላል። መኪናዬ ቤንዚን በላብኝ ለሚሉ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ የዕቃው ዋጋ ከነሠራተኛ ክፍያው ከትልቅ ፖምፓ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩስ ደክሟል ወይ? የጎማ ንፋስ ጎድሏል? ፍሬን ይዞ የሚቀር ጎማ አለ? ኢንጀክተሮቹ በማሽን ታጥበው አራቱም እኩል ይረጫሉ?

ዕቃውን ቀድሞ የገጠመ አንባቢ ካለም አይደናገጥ። ጋራዥ ሄዶ ማሽኑ ላይ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በዘላቂነት ስንት በመቶ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ፣ ያሳዩኝ ይበል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ከዜሮ ብዙም ካልራቀ፣ በ5 በመቶ ወዲህ ወዲያ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ብዙ የሚያርመው ነገር የለም። ከ10 በመቶ በላይ ወደ ነጌቲቭ ከወረደ ግን በየቀኑ ትርፍ ቤንዚን እየታገለ ነው። ያኔ ኦርጅናል ኢንጀክተሩ ካልተጣለ ጸድቶ ይመለስ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው የፋብሪካው ይሁን፣ የሞተር ዘይቱም ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ ይቀየር። የገጠመላችሁ ሰው አሮጌውን ዕቃ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።